ቆሞ የደረቀ ባሕር ዛፍ፦ የጉበት ዕጢ ለመድኃኒት የሰጠውን ምላሽ በኤምአርአይ ስለ ማንበብ

በደብረ ብርሃን ለጤና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለታካሚ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር፤ ተናጋሪው ለንባብ እንዲመች አስተካክሎታል።

ጤና ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። ጋቢ የለበሳችሁትን ሳይ ቀናሁባችሁ፤ አዲስ አበባ ከርሜ የዚህን አገር የጠዋት ብርድ ረስቼው ኖሯል።

እኔ ራዲዮሎጂስት ነኝ። ሥራዬ ጨለማ ክፍል ተቀምጦ ምስል ማንበብ ስለሆነ ሰው ፊት መናገር ብዙም አይሆንልኝም። ደግሞም የጋበዙኝ ሰዎች ከአዳራሹ ግማሹ ሐኪም፣ ነርስና ተማሪ፣ ግማሹ ደግሞ ቤቱ ታማሚ ያለበት ሰው እንደሆነ ነግረውኛል። ስለዚህ ለአንዱ ሲቀልበት፣ ለሌላው ሲከብደው ተቻችላችሁ ስሙኝ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሬን ከባሕር ዛፍ ልጀምር። አንድ ገበሬ በማሳው ዳር ያለ ባሕር ዛፍ ገብሱ ላይ እያጠላ ቢያስቸግረውና መጣሉ ቢከብደው፣ በመጥረቢያ ቅርፊቱን ዙሪያውን ልጦ ይተወዋል። በወሩ ብትመለሱ ዛፉ እንደቆመ ነው። ከዚያም በኋላ ብትሄዱ፣ ገመድ ይዛችሁ ብትለኩት፣ ቁመቱም ውፍረቱም ያው ነው። ቀና ብላችሁ ቅጠሉን ስታዩ ግን ደርቋል። "ዛፉ አላጠረምና አልሞተም" የሚል ገበሬ መንዝም ሞረትም ውስጥ አይገኝም። እኛ ሐኪሞች ግን በጉበት ዕጢ ላይ ለብዙ ዓመት እንዲህ ስንል ኖረናል።

ስለ በሽታው መነሻ ብዙ አልቆይም። የዛሬው ነገሬ ከጉበት ከራሱ ስለሚነሣው፣ ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ ስለሚባለው ካንሰር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ለዓመታት በተጎዳ ጉበት ላይ ነው፤ የሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ ወይም መጠጥ፣ ወይም ሻጋታ የበላው ማሽላና ኦቾሎኒ ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊሆን ይችላል። መጠጥ ስል አረቄንም ነው፤ አዎ፣ የሳቃችሁትን አይቻችኋለሁ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 ስለሆነ፣ እዚህ የተቀመጥነው አዋቂዎች አብዛኞቻችን ሳንከተብ ነው ያደግነው። ያልተመረመራችሁ ተመርመሩ። ይህንን በዚሁ ልለፈው፤ የመጣሁበት ጉዳይ ሌላ ነው።

ጉበት ደሙን ከሁለት ምንጭ ያገኛል። ወደ ሦስት አራተኛው ከአንጀት በሚመጣው በፖርታል ቬን በኩል ይገባል፤ ቀሪው አንድ አራተኛ በሄፓቲክ አርተሪ ነው የሚገባው። ሸዋ ሮቢት በመስኖ የምታለሙ ሰዎች ካላችሁ፣ አንድ ማሳ ትልቅና ትንሽ ቦይ እንዳለው አድርጋችሁ አስቡት። ጤነኛው ጉበት በዋናነት የሚጠጣው ከትልቁ ቦይ ነው። ይህ ካንሰር ግን ሲያድግ የትልቁን ቦይ ውኃ ይተውና ከትንሹ፣ ከአርተሪው፣ የራሱን መስመር ይስባል። አዳዲስ ደም ሥር ያስበቅላል። ጁዳ ፎክማን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ጠጋኝ ዕጢ ያለ አዲስ ደም ሥር ሊያድግ አይችልም፣ ስለዚህ ደም ሥሩን ማገድ ሕክምና ሊሆን ይችላል ብሎ የጻፈው በ1971 ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ሐሳቡ ለጉበት ካንሰር መድኃኒት ሆኖ የመጣው በ2007 ነው። ሶራፌኒብ ይባላል፤ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ዒላማ ተኮር ሕክምና የምንለው ይህንን ዓይነቱን ነው። ኬሞ በፍጥነት የሚባዛውን ሴል ሁሉ ሲመታ፣ ይህ ግን ዕጢው ደም ሥር እንዲያበቅልና እንዲባዛ የሚያዝዙትን የተወሰኑ መልእክቶች ይቆርጣል። ቅርፊቱን ይልጣል በሉት።

አሁን ለሐኪሞቹ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። ሶራፌኒብን ያስፈቀደው ጥናት በ2008 ታትሟል፤ 602 ታማሚዎች ነበሩበት። መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ፣ በመካከለኛው ሰው ስንለካ ማለቴ ነው፣ 10.7 ወር ኖሩ፤ ባዶ ኪኒን የወሰዱት 7.9 ወር። ሦስት ወር ገደማ ልዩነት። ለሌላ ሰው ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ልጁን ለመዳር ለሚጠብቅ አባት ጥቂት አይደለም። በዚያው ጥናት ላይ ዕጢው "ጠበበ" ተብሎ የተመዘገበለት ግን ከ100 ሰው 2 ብቻ ነበር። ከመቶ ሁለት! ዕድሜ የጨመረ መድኃኒት በማስመሪያ ሲመዘን ምንም ያልሠራ መሰለ።

ማስመሪያ ስል ሬሲስት የሚባለውን ደንብ ነው። በ2000 ወጥቶ በ2009 ተሻሻለ። የየዕጢውን ረጅሙን ስፋት ትለካላችሁ፤ ድምሩ በ30 ከመቶ ከቀነሰ "ምላሽ አለ"፣ በ20 ከመቶ ከጨመረ "በሽታው ገፍቷል"፣ በመካከል ከሆነ "ባለበት ነው"። ክፉ ደንብ አይደለም፤ ዛሬም በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ነገር ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ከዚያ ውስጥ ስንቱ በሕይወት እንዳለ አይጠይቅም።

ጥያቄውን የቀየሩት ሪካርዶ ሌንቾኒና ጆሴፕ ሎቬት ናቸው፤ ሎቬት ያንኑ የሶራፌኒብ ጥናት ከመሩት አንዱ ነው። በ2010 ባወጡት የተሻሻለ ሬሲስት፣ የሚለካው ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያደምቅ ፈሳሽ፣ በደም ሥር ተሰጥቶ በአርተሪው በኩል ሲደርስ የሚደምቀው ክፍል ብቻ ሆነ። የማይደምቀው የሞተ ስለሆነ አይቆጠርም። መቶኛዎቹ ያው 30 እና 20 ናቸው፤ የሚለካው ነገር ነው የተለየው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሰው ላሳያችሁ። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ጋሼ እያልኩ ነው የማወራው። ዕጢያቸው በመጀመሪያው ኤምአርአይ 7.2 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ሁሉም ደማቅ። በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አልነበረምና ሶራፌኒብ ተጀመረላቸው። በሁለት ወሩ ሌላ ቦታ ተነሥተው የተጻፈላቸው ሪፖርት አንድ መሥመር ነበር፦ "ዕጢው 7.6 ሴ.ሜ፤ ጨምሯል።" በቃ። ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ መጣ። "ዶክተር፣ መድኃኒቱ አልሠራም፣ እጃቸውም ተላልጦ ዕርፍ መጨበጥ አቅቷቸዋል፣ ለምን እናሠቃያቸዋለን? እናቁምና ጠበላቸውን ይጠመቁ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ መድኃኒቱ መዳፍንና የእግር ውስጥን ያቆስላል፣ ተቅማጥም ያመጣል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የማይሠራ ከሆነ አንድ ቀንም መዋጥ የለበትም።

ሲዲውን ከፈትኩት። በአርተሪው ምስል ላይ የዕጢው መሐል ጥቁር ነው፤ ባዶ ጉድጓድ ይመስላል። በአንድ ጎን ብቻ እንደ ጨረቃ ስስ ደማቅ ቅርጽ ቀርቶታል። ደማቁን ለካሁት፣ 2.4 ሴንቲ ሜትር። በአሮጌው ደንብ ከ7.2 ወደ 7.6፣ የ6 ከመቶ ገደማ ጭማሪ ነው፤ "ባለበት ነው" እንጂ "ገፍቷል" እንኳ አያሰኝም። በአዲሱ ደንብ ከ7.2 ወደ 2.4 ነው፤ ሕያው የሆነው ሁለት ሦስተኛው ጠፍቷል። ያበጠው ሲሞት ውስጡ ስለደማ ነው። ለልጁ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አሳየሁትና የባሕር ዛፉን ነገር ነገርኩት። ይህ ምሳሌ የዚያን ቀን ነው የመጣልኝ። የካንሰር ሐኪማቸው መጠኑን ቀንሶ፣ ለእጃቸው ቅባት አዝዞ አስቀጠላቸው።

አሁን ኤምአርአይ ይህንን እንዴት እንደሚያይ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላጥራ፤ ሰዉ ሁሉንም "ራጅ" ስለሚል። ኤምአርአይ ጨረር የለውም። ማግኔት ነው፤ የተለመደው 1.5 ቴስላ የሚባለው ከመሬት የማግኔት ኃይል ወደ 30,000 እጥፍ ይበልጣል። የሚያዳምጠው በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ነው። ይህንን ወደ ምስል የለወጡት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል።

መጀመሪያ ደሙን እናያለን። ጋዶሊኒየም ያለበት ኮንትራስት፣ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 10 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በክንድ ደም ሥር ይገባል። ወደ 35ኛው ሰከንድ አካባቢ በአርተሪው የመጣው ይደርሳል፤ ጉበቱ ገና ግራጫ ሳለ ሕያው ዕጢ ቦግ ይላል። ከአንድ ደቂቃ ትንሽ አለፍ ሲል ትልቁ ቦይ ይመጣና ጉበቱ በሙሉ ይደምቃል፤ ዕጢው ያን ጊዜ ይከስማል። ዋሽአውት እንለዋለን፣ መታጠብ ነው። ሰከንዱ ካመለጠ ነገሩ ሁሉ አመለጠ። አርተሪውን አሥር ሰከንድ ቀድማችሁ ብታነሡት ሕያው ዕጢ የሞተ ይመስላል፤ እናንተም ለቤተሰቡ የውሸት ምሥራች ትናገራላችሁ። ሪፖርት ስትቀበሉ "አርቴሪያል ፌዙ፣ የአርተሪው ምስል፣ በጊዜው ተነሥቷል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት በሕክምና ላይ ሳሉ የተነሡትን አንብቤ "ዕጢው ደማቅ ነው፣ ሕያው ነው፣ መድኃኒቱ አልሠራም" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበትም። በማግስቱ አንድ ታላቄ የሆነ ሐኪም ጠራኝና ምንም ሳይናገር ኮንትራስት ከመሰጠቱ በፊት የተነሣውን ምስል ከፈተልኝ። ቦታው ያኔም ደማቅ ነበር! ለካስ ደም ነው። በዕጢ ውስጥ ፈስሶ የቆየ ደም ቲ-ዋን በሚባለው ምስል ላይ ያለምንም ኮንትራስት ያበራል። እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕጢውን ከውስጥ ያደሙታል። ስለዚህ ከኋለኛው ምስል የፊተኛውን መቀነስ ያስፈልጋል፤ ሰብትራክሽን ነው፤ ኮምፒዩተሩ በአንድ ቁልፍ ይሠራዋል። ሲቀነስ የሚቀረው ብርሃን የኮንትራስቱ ብቻ ነው። ያችን ቁልፍ ባለመጫኔ ጥሩ የሠራ መድኃኒት ሊቋረጥ ነበር። ሪፖርቱን በዚያው ቀን አስተካከልኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰብትራክሽን ሳላይ አልፈርምም።

ከደሙ ቀጥሎ ውኃው አለ። በፋሲካ ዋዜማ በግ ተራ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በግ፣ ሰው፣ ደላላ፣ አህያ፤ አንድ እርምጃ ለመራመድ ሦስት ሰው መግፋት ነው። በበዓሉ ማግስት ያው ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር ብትሮጡ የሚነካችሁ የለም። በሕያው ዕጢ ውስጥ ሴሎች እንደ ዋዜማው ገበያ ተጨናንቀዋል፤ በመካከላቸው ያለው ውኃ መንቀሳቀሻ ያጣል። ሴሎቹ ሲሞቱ ግድግዳቸው ይፈርስና ውኃው እንደ ልቡ ይሄዳል። ዲፊውዥን የሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት ይህንን የውኃ እንቅስቃሴ ይለካል፤ ቁጥሩ ኤዲሲ ይባላል። ዕጢው ሲሞት ኤዲሲ ይጨምራል፣ አንዳንዴም ስፋቱ ሳይለወጥ አስቀድሞ። ኮንትራስት አያስፈልገውም፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቁጥሩን ብቻውን አትመኑት። ዕጢው ሲደማ ደሙ ቁጥሩን ሊያወርደው ይችላል፤ እየሞተ ያለው እየባሰ ይመስላል። እኔ ደሙና ውኃው አንድ ቃል ሲናገሩ ነው ደፍሬ የምጽፈው።

ወደ ጉበት ከሌላ ቦታ ተሰራጭተው ስለሚመጡትም አንድ ነገር ልበል። ጂስት የሚባለው የጨጓራና የአንጀት ዕጢ ወደ ጉበት ሲሄድ ኢማቲኒብ በሚባል ኪኒን ይታከማል። መድኃኒቱ ሲሠራ ዕጢዎቹ እንደ ውኃ ከረጢት ይሆናሉ፣ አንዳንዴም ይተልቃሉ። ቀድሞ ከጉበቱ ጋር ተመሳስለው ያልታዩ ትንንሾችም ሲሞቱ ጥቁር ሆነው ብቅ ይላሉ፤ "አዲስ ወጣ" ብሎ የሚደነግጥ ሐኪም ብዙ ነው። ቾይ በሚባለው የ2007 መስፈርት በሲቲ ስካን ስፋቱ በ10 ከመቶ ወይም ጥግግቱ በ15 ከመቶ ከቀነሰ እንደ ምላሽ የተቆጠረው ለዚህ ነው።

ቤተሰቦች፣ አሁን የእናንተ ተራ ነው። ኤምአርአይ ለመነሣት ከዚህ ዞን አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውን፣ የምርመራውን ከፍሎ፣ ምስሉ ተበላሽቶ ሲመለስ ከማየት የሚያናድደኝ ነገር የለም። የሚበላሸው በአብዛኛው በትንፋሽ ነው። ማሽኑ ውስጥ 15፣ 20 ሰከንድ ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል፤ አሥር ጊዜ ያህል። እቤት ተለማመዱ። አየር ስባችሁ፣ አስወጥታችሁ፣ ባዶውን ያዙት፤ ተነፍቶ ከመያዝ ይልቅ አስወጥቶ መያዝ ጉበቱን በየጊዜው እዚያው ቦታ ያስቀምጠዋል። አንዲት የመርሐቤቴ እናት "ልጄ፣ ዓባይን ወርጄ የወጣሁ ሴት ነኝ፣ ትንፋሽ ታስተምረኛለህ?" ብለውኝ እንደ እሳቸው የጠራ ምስል የሰጠኝ የለም።

ብረት ሁሉ ይወልቃል። የአንገት መስቀል ሲባል አንዳንዱ ማተቡን በጥሱ የተባለ መስሎት ይቀየማል። ማተቡ ክር ነው፣ አይበጠስም፤ ከብረት የተሠራው መስቀል ብቻ ወጥቶ ለዘመድ ይሰጣል፣ ሲያልቅ ይታሰራል። በቆዳ የተሰፋ ክታብ ካለ ውስጡ ምን እንዳለ ስለማናውቅ እሱም ይውጣ። በሰውነቱ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ የቀረበት ሰው፣ የልብ ማሽን የተገጠመለት፣ አስቀድሞ ይናገር፤ አፍሮም ረስቶም ዝም አይበል። የኩላሊት ምርመራ ውጤትም ይዛችሁ ሂዱ።

ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያው ሲዲ። ወረቀቱ አይደለም፣ ሲዲው! ሁለተኛው ምስል ያለ መጀመሪያው ግማሽ ነገር ነው፤ ዛፉ ድሮ ስንት ቅጠል እንደነበረው ካላየሁ ስንቱ እንደረገፈ በምን አውቃለሁ? በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመሬት ካርታችሁ ጋር አስቀምጡት። ደግሞም ከተቻለ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ማሽን ተነሡ። አንዱን ጊዜ ሲቲ ስካን፣ ሌላውን ኤምአርአይ፣ ሦስተኛውን አልትራሳውንድ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ አንዱን እህል በጣሳ፣ በቁናና በኪሎ ሰፍሮ ማወዳደር ነው።

ከአዳራሹ አንድ ተማሪ "አሁን በ2020 የመጣው አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ እያለ ስለ ሶራፌኒብ ማውራት ምን ይጠቅማል?" ብሎ ጽፎ ልኮልኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ ከሶራፌኒብ የተሻለ ዕድሜ አስገኝተዋል፤ ግን በደም ሥር የሚሰጡ ናቸው፣ ዋጋቸውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ለንባባችን የሚጨምሩት ችግር አለ፤ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ዕጢውን በመከላከያ ሴሎች ሞልቶ ለጊዜው ያሳብጠዋል። ያኔ ቸኩሎ "ገፍቷል" ከማለት በጥቂት ሳምንት ደግሞ ማንሣት ይሻላል።

ሌላው ጥያቄ "የመንዙ ሰው ምን ሆኑ?" የሚል ነው።

በአራተኛው ወር ሕያው ክፍሉ ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነበር፤ ጠቅላላው 6.8። ያን ክረምት ራሳቸው ባያርሱም ልጃቸው ሲዘራ ዳር ቆመው አይተዋል። በስምንተኛው ወር ተመልሰው መጡ፤ ትንፋሽ አያያዙን እንደ ሙያተኛ ለምደውታል። ጠቅላላው ዕጢ 6.4 ሆኗል፤ ከመቼውም ያነሰ። ልጁ ሲነገረው ፊቱ በራ። እኔ ግን በአርተሪው ምስል ላይ፣ በሞተው ዕጢ ውስጠኛ ጠርዝ፣ ቀድሞ ያልነበረ ደማቅ ነጥብ አየሁ። ኮንትራስት ከመሰጠቱ በፊት ያለውን ከፈትኩ፤ ጥቁር ነው፣ ደም አይደለም። ቀነስኩት፤ ብርሃኑ ቀረ። ዲፊውዥኑ ላይም ውኃው ታፍኗል። ለካሁት፣ 2.2 ሴንቲ ሜትር።

ባሕር ዛፍ ከግንዱ ሥር እንደሚያቆጠቁጥ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሪፖርቱን "ዕጢው በጠቅላላ ስፋቱ ቀንሷል፤ በሽታው ግን ገፍቷል" ብዬ ጻፍኩና፣ ልጁ ከመኪና ማቆሚያው ሳይወጣ ደውዬ መለስኩት፤ የካንሰር ሐኪማቸው በዚያው ሳምንት መድኃኒቱን ቀየረላቸው።